ያለ አፈር ሰላጣ ለማብቀል ከየት ልጀምር?

ጓሮ የለኝም
ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ፎቅ ላይ ነው። መሬት የለኝም፤ ያለኝ ጠዋት ጠዋት ለአራት ሰዓት ያህል ፀሐይ የሚገባበት አንድ መስኮት ብቻ ነው። ስለ ሃይድሮፖኒክስ፣ ማለትም ያለ አፈር በማዳበሪያ ውሃ ስለማብቀል፣ ማንበብ ከጀመርኩ ሁለት ወር አልፎኛል። ባነበብኩ ቁጥር የረዘመው ግን የምገዛው ዕቃ ዝርዝር እንጂ ዕውቀቴ አይደለም። አሁን ዝርዝሩ ላይ የውሃ ፓምፕ፣ የአየር ፓምፕ፣ 6 ሜትር የፕላስቲክ ቧንቧ፣ 2 መለኪያ፣ 3 ዓይነት ማዳበሪያና 4 መብራት ሰፍሯል። ዘር ግን እስካሁን በእጄ አልነካሁም።

ሰላጣ፣ በሶብላ፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና እንጆሪ በአንድ ጊዜ ለመጀመር አስቤ ነበር። ልምድ ያላችሁ ሰዎች፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያለ እርሱ የማይሆነው የትኛው እንደሆነ ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ባለ ባልዲ
ዝርዝሩን ይቅደዱት።

ቀልድ አይደለም። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያስፈልግዎ ክዳን ያለው ባለ 10 ሊትር ባልዲ፣ ሁለት ባለ ቀዳዳ ኩባያ፣ ለውሃ ተክል የተዘጋጀ ማዳበሪያ፣ አንድ ነጭ መብራትና የሰላጣ ዘር ነው። ፓምፕ የለም፤ ቧንቧም የለም። ዘዴው የሚጠራው በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ የአትክልት ተመራማሪ በነበሩት በበርናርድ ክራትኪ ስም ነው። በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ውሃ ሳይዘዋወር ሰላጣ የሚበቅልባቸውን ሦስት መንገዶች አስረድተዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክዳኑን ይብሱና ኩባያዎቹን ያንጠልጥሉ። ባልዲው ውስጥ የማዳበሪያ ውሃ ይጨምሩ፤ ውሃው የኩባያውን ታች ነካ ሲያደርግ ያቁሙ። ችግኙ ይጠጣል፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ይወርዳል። በክዳኑና በውሃው መካከል የሚፈጠረውን ክፍተት ባዶ ነው ብለው አይናቁት፤ እርጥብ አየር ሞልቶበታል። ላይ የቀሩት ሥሮች በዚያ አየር ይተነፍሳሉ፤ ታች ያሉት ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። አንድ እግር ሰላጣ እስኪቆረጥ ድረስ ወደ 4 ሊትር ውሃ ይበቃዋል፤ ስለዚህ ባልዲው ለሁለት እግር በቂ ነው።

ሁለት ነገር አደራ። አንደኛ፣ ባልዲው ብርሃን የማያሳልፍ ይሁን። ወደ ፀሐይ ይዘውት የእጅዎ ጥላ በግድግዳው ከታየ ጥቁር ቀለም ቀብተው ከላይ ነጭ ይደርቡበት፤ አለበለዚያ ውሃውን አልጌ ይወርሰዋል። ሁለተኛ፣ ውሃው ሲጎድል ደንግጠው እስከ አፉ አይሙሉት። ይህን ሁለተኛውን ማስጠንቀቂያ ጀማሪ ሁሉ ያነበዋል፤ ጀማሪ ሁሉ ይተላለፈዋል።

ቲማቲሙን ለጊዜው ይርሱት። የደረሰ ቲማቲም በሞቃት ቀን ሊትሮች ይጨርሳል፣ ድጋፍ ይሻል፣ ቤት ውስጥ ነፋስና ንብ ስለሌሉ አበባውን የሚያነቃንቀው እርስዎ ነዎት። ሰላጣ ግን ከዘር እስከ ቆረጣ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። ቢሞትም ቶሎ ይሞታል፤ ለሚማር ሰው ይህም አንድ ጥቅም ነው።

ቧንቧ ወዳድ
ስሜ እንደሚያሳየው እኔ የቧንቧ ሰው ነኝ። ሆኖም ዛሬ ከባለ ባልዲ ጎን እቆማለሁ፤ ነገሩ ከስንት አንዴ የሚሆን ነውና መዝግቡልኝ።

በቧንቧ ውስጥ ስስ ውሃ እያፈሰሱ ሥርን የማጠጣት ዘዴ በ1960ዎቹ በእንግሊዝ በአለን ኩፐር የተዘረጋ ነው፤ ሲሠራ ማየቱ ራሱ ደስታ ነው። ችግሩ ስስ መሆኑ ነው። አንድ ቀን እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ፓምፑ ቆመ። ምክንያቱ የረባ አልነበረም፤ አንድ ቁራጭ ሥር ተበጥሶ የፓምፑን አፍ ዘግቶት ነበር። ማታ ስገባ 36 እግር ሰላጣ እንደ ታጠበ ጨርቅ በቧንቧው አፍ ተንጠልጥሎ አገኘሁት። ቧንቧው ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ስለሌለ ፀሐይ ከበረታች ሥሩ የሚቆየው ሰዓታት ብቻ ነው። የባልዲ ሰላጣ ግን እርስዎ ለሳምንት ቢጠፉም አያውቅብዎትም።

ስለዚህ 6 ሜትሩን ቧንቧ ይተዉት። በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገራለን።

ጓሮ የለኝም
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዝርዝሩን አልቀደድኩትም፤ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ሁለት ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ቤት ውስጥ ለሣር የሚሆን ማዳበሪያ ግማሽ ከረጢት አለ። እርሱ አይበቃም ወይ? ደግሞስ ፒኤች የሚባለውን ነገር በእርግጥ መለካት አለብኝ? ለሰላጣ?

ጨው ቀማሚ
የሣሩን ማዳበሪያ ለሣሩ ይተዉለት።

የሣር ማዳበሪያ ናይትሮጅን በአብዛኛው ዩሪያ ነው። አፈር ውስጥ ባክቴሪያዎች ዩሪያውን ወደ አሞኒየም፣ አሞኒየሙን ደግሞ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል፤ ተክሉ የሚመርጠው ይህን የመጨረሻውን ነው። በባልዲ ውሃ ውስጥ ግን ያ ሁሉ ሠራተኛ የለም። ዩሪያው እዚያው ይቀመጣል፣ ሰላጣው በሙሉ ገበታ ፊት ይራባል። በዚያ ላይ የሣር ማዳበሪያ ካልሲየም የለውም፤ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ዚንክ፣ ቦሮን የመሳሰሉት በጥቂቱ የሚፈለጉ ንጥረ ነገሮችም ብዙ ጊዜ አይኖሩትም። አፈር እነዚህን ከራሱ ይሰጣል። ውሃ ግን የሰጡትን ብቻ ነው የሚሰጥዎት።

ለጀማሪ ቀላሉ በሁለት ጠርሙስ ተለያይቶ የሚሸጠው ፈሳሽ ማዳበሪያ ነው። በዱቄት መሥራት ከፈለጉ ከረጢቱ ላይ 4-18-38 የሚል ለውሃ ተክል የተዘጋጀ ማዳበሪያ ይፈልጉ። ለ10 ሊትር ውሃ ከእርሱ 6 ግራም፣ ማግኒዚየም ሰልፌት 3 ግራም፣ ካልሲየም ናይትሬት 6 ግራም ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ እንደጻፍኩት ነው፤ አንዱ ሙሉ በሙሉ ሳይሟሟ ሌላው አይገባም። ካልሲየሙ ሁልጊዜ መጨረሻ ነው። ሦስቱን በደረቁ ቀላቅለው፣ ወይም በጥቂት ውሃ አወፍረው አንድ ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጧቸው ካልሲየሙ ከሰልፌቱ ጋር ይያያዝና ነጭ አተላ ሆኖ ይዘቅጣል። ያ አተላ ጀሶ ነው። እውነተኛ ጀሶ! ለግድግዳ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ማዳበሪያው በሁለት ጠርሙስ የሚሸጥበት ምስጢርም ይኸው ነው።

የጻፍኩት መጠን ለትልቅ ተክል ነው። ለችግኝ ግማሹን ያድርጉት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው፤ ጨው የበዛበት ሰላጣ በመጀመሪያ የሚያስታውቀው በቅጠሉ ጠርዝ ነው፣ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል። የውሃውን የጨው መጠን የሚለካው ኢሲ የሚባለው ነው። ለችግኝ ከ0.6 እስከ 0.8፣ ለደረሰ ሰላጣ ከ1.2 እስከ 1.8 ሚሊሲመንስ ይበቃል። አንዳንዱ መለኪያ ይህንን በፒፒኤም ያሳያል፤ እርሱን አይመኑት። የሚዋሽ ሆኖ አይደለም፤ አንዱ ፋብሪካ 1.0 ኢሲን 500፣ ሌላው 700 ብሎ ስለሚያባዛው ነው። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ቁጥር ሲከራከሩ ውለው የሚያድሩት በዚህ ምክንያት ነው።

ፒኤች፣ የውሃው አሲድነት መለኪያ፣ አዎ፣ ለሰላጣም። ከ5.5 እስከ 6.5 ይሁን። ከዚያ ሲያልፍ ብረቱ ውሃው ውስጥ እያለ ሥሩ ሊወስደው ይሳነዋል። ጥቂት ጠብታ ጨምረው በቀለም የሚያዩት መሞከሪያ ለጀማሪ ይበቃል። የኤሌክትሪክ መለኪያ ከገዙ ግን በ7.00 እና በ4.01 ማስተካከያ ፈሳሽ ሳያስተካክሉ አይጠቀሙበት። ጫፉም እንዳይደርቅ በራሱ ማስቀመጫ ፈሳሽ ውስጥ እንጂ በንጹሕ ውሃ አይቀመጥ። ልኬቱ የሚደረገው ማዳበሪያው ከገባ በኋላ ነው፤ ማዳበሪያው ራሱ ፒኤቹን ስለሚያወርደው። የፒኤች ማውረጃው ፎስፎሪክ አሲድ ከሆነ ጓንት ያድርጉ፣ አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አይጨምሩ። ኮምጣጤና ሲትሪክ አሲድ ለጊዜው ያወርዳሉ፤ ባክቴሪያዎች ይመገቧቸውና ከጥቂት ቀን በኋላ ፒኤቹ ወደ ቦታው ይመለሳል።

ተጠራጣሪ
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሰውየው የጀመረው ሰላጣ ለማብቀል ነው ወይስ የኬሚስትሪ ፈተና ለመቀመጥ? አንድ ማሰሮ አፈር፣ አንድ ቁንጣሪ ዘር፣ ውሃ። አለቀ። ደግሞ ይህ ነገር ተፈጥሮን ይታደጋል ሲባል እሰማለሁ። በ2015 በአሪዞና ሁኔታ ተሠልቶ የወጣ ጥናት ለአንድ ኪሎ ሰላጣ የሚፈጀው ውሃ ከ250 ሊትር ወደ 20 ሊትር መውረዱን ይናገራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ያው ጥናት ኃይሉን ከ1,100 ወደ 90,000 ኪሎጁል ያወጣዋል። ይህንን ሁለተኛውን ቁጥር የሚጠቅስ ሰው ግን አላጋጠመኝም።

ጨው ቀማሚ
አሁን ተጠቀሰ፤ መጠቀሱም ተገቢ ነው። የዚያ ኃይል አብዛኛው ግን ሰፊ መስታወት ቤትን ለማሞቅና ለማቀዝቀዝ የሚውል ነው። መስኮት ሥር የተቀመጠ ባልዲ ማሞቂያም ማቀዝቀዣም የለውም። መብራቱ ይቀራል። እርሱን በተመለከተ አልከራከርዎትም፤ ሰላጣ በመብራት ማብቀል ከፀሐይ ይልቅ ውድ ነው። ማሰሮና ፀሐያማ ደጅ ያለው ሰው ማሰሮውን ይያዝ። ጠያቂዋ ያላቸው መስኮት ነው።

ጓሮ የለኝም
«ሰውየው» ሴት ነኝ። በ«ጠያቂዋ» ተስተካክሏል፣ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን በኤሌክትሪክ ሥራ የጨረስኩ ሰው ነኝ። ስለ ሰላጣ ብዙ ስለተባለ ስለ መብራቱ ልናገር።

ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሲገናኙ እኔ እንቅልፍ የለኝም። ማከፋፈያሽ ከባልዲው በላይ ይሁን እንጂ ከሥሩ ወለል ላይ አይቀመጥ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ወርዶ እንደገና ወደ ላይ ይውጣ። በገመዱ ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ከዝቅተኛው ቦታ መሬት ይወድቃል፤ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ይህች አንዲት ቅልበት ምንም አታስወጣሽም። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት ሲፈስ ራሱ የሚያጠፋ መከላከያ ካለው ደግሞ እሰየው። ባልዲው ውስጥ እጅሽን ከመክተትሽ በፊት መብራቱን ንቀዪ።

መብራቱ ነጭ ኤልኢዲ ይሁን። ሐምራዊው ለዓይን አድካሚ ከመሆኑም በላይ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ አልሆነ በእርሱ ሥር መለየት አይቻልም። ለሁለት እግር ሰላጣ ከ20 እስከ 30 ዋት ይበቃሻል፤ በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት፣ በሰዓት መቆጣጠሪያ። በእጅ አበራዋለሁ አጠፋዋለሁ አትበዪ፤ በሦስተኛው ቀን ትረሺዋለሽ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ታሪክ ስለምወድ ነው። «ሃይድሮፖኒክስ» የሚለው ቃል የውሃና የሥራ የግሪክ ቃላት ጥምር ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ያስተምሩ የነበሩት ዊልያም ገሪክ በ1937 በጽሑፍ አስተዋወቁት። ሰውየው ከዚያ በፊት በውሃ ብቻ ያበቀሉት ቲማቲም ከ7 ሜትር በላይ ረዝሞ በመሰላል ነበር የሚለቀመው። ወሬው ሲዛመት አፈር ቀረ፣ ገበሬ ቀረ ተብሎ ጉድ ተባለ። ዩኒቨርሲቲው ጉዳዩን እንዲያጣሩ ሆግላንድና አርነን የተባሉትን ሁለት ባለሙያዎች መደበ። ውጤታቸው በ1938 ወጣ፤ በውሃ የበቀለው በጥሩ አፈር ከበቀለው የሚበልጥበት ተአምር አላገኙም። በዚያው ጽሑፍ የሰፈረው የማዳበሪያ ቅመም ግን እስከ ዛሬ በሆግላንድ ስም ይሠራበታል። ለማጣጣል ተጀምሮ መማሪያ ሆኖ ቀረ።

ጓሮ የለኝም (ከ11 ቀን በኋላ)
ጋሼ፣ ቅልበቷን ሠርቻለሁ። ባልዲውንም ጥቁርና ነጭ ቀባሁት። ዘሩን በእርጥብ ስፖንጅ ላይ ዘርቼ በሦስተኛው ቀን ጎነቆለልኝ፤ ደስታዬን መናገር አይቻልም። አሁን ግን ችግኞቹ እንደ ክር ቀጥነው ረዝመዋል፤ ወደ መስኮቱ ተጋድመው ወድቀዋል። ያበዛሁት ውሃ ነው ወይስ ማዳበሪያ?

ባለ ባልዲ
ሁለቱም አይደለም። ብርሃን ነው። መብራቱን ከስንት ቀን በኋላ አበሩላቸው?

ጓሮ የለኝም
ከሰባት ቀን በኋላ። እስኪጠነክሩ ብዬ ጨለማ ቦታ አስቀምጫቸው ነበር።

ባለ ባልዲ
ጨለማ ውስጥ የጠነከረ ችግኝ የለም። የበቀለበት ቀን ብርሃን የሚያይበት ቀን ነው፤ ያንን ካጣ ያለ የሌለ ጉልበቱን ብርሃን ፍለጋ ይረዝምበታል። እነዚህን ይጣሏቸውና እንደገና ይዝሩ። አይዘኑላቸው፤ እንደ ክር የሆነ ሰላጣ ደግፈው ቢያቆሙትም ደካማ ሆኖ ነው የሚያድገው።

በዚህኛው ጊዜ ዘሩን አይቅበሩት፣ ስፖንጁ ላይ ብቻ ጫን ያድርጉት፤ የሰላጣ ዘር ብዙው ለመብቀልም ብርሃን ይወዳል። ክፍሉ ከ27 ዲግሪ በላይ ከሞቀ ደግሞ ዘሩ ሳይሞት ዝም ብሎ ይተኛል፤ ቀዝቀዝ ወዳለ ጥግ ይውሰዱት። ማዳበሪያ እውነተኛው የመጀመሪያ ቅጠል እስኪወጣ አያስፈልግም። መጀመሪያ የሚታዩት ሁለቱ ክብ ቅጠሎች ስንቃቸውን ከዘሩ ይዘው የመጡ ናቸው። ሥሩ በስፖንጁ ታች ብቅ ሲል ወደ ባልዲው ያዛውሯቸው።

ተጠራጣሪ
አፈር ቢሆን እስካሁን ሁለት ጊዜ ይበቅል ነበር።

ቧንቧ ወዳድ
አፈርም ቢሆን ሰባት ቀን ቁም ሣጥን ውስጥ ቢያስቀምጡት ያው ነው።

ጓሮ የለኝም (ከ6 ሳምንት በኋላ)
እርዱኝ። ሁለተኛው ዙር እስከ ባለፈው ሳምንት ድረስ የሚያምር ነበር፤ ቅጠሉ የእጄን መዳፍ አክሎ ነበር። ከአራት ቀን በፊት ክዳኑን ሳነሣ ውሃው ከግማሽ በታች ሆኖ አገኘሁት፤ ሥሮቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ነበር። አዝኜላቸው እንደ መጀመሪያው ቀን እስከ ኩባያው ሞላሁት። በማግስቱ ሁለቱም ጠወለጉ። ውሃ ውስጥ ተነክረው ይጠወልጋሉ! በዚያ ላይ አዲሶቹ ቅጠሎች ቢጫ ሆነዋል፤ የቅጠሉ ደም ሥር ግን አረንጓዴ ነው። ፒኤቹን በየጠዋቱና በየማታው እለካለሁ፣ እንዳይወርድ የፒኤች ከፍ ማድረጊያ እየጨመርኩ 6.2 ላይ ይዤዋለሁ። ምን አጠፋሁ?

ባለ ባልዲ
አሰጠሟቸው።

ያ የተንጠለጠለው ሥር የተቸገረ መስሎ ታየዎት፤ ሥራው ግን መተንፈስ ነበር። ሰላጣው ሳምንታት ወስዶ በላይ በኩል በእርጥብ አየር የሚኖር፣ ፀጉር የመሰለ ሥር አበጀ። እርስዎ ደግሞ በአንድ ቀን ውሃ ውስጥ ከተቱት። የቆመ ውሃ ደግሞ ኦክሲጅን ድሃ ነው፤ በ20 ዲግሪ ሙቀት አንድ ሊትር ውሃ ቢበዛ 9 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ይይዛል፣ በ30 ዲግሪ ወደ 7.5 ይወርዳል፤ ሥሩ ደግሞ በሞቀ ቁጥር የሚፈልገው ይጨምራል። አየር ያጣ ሥር ውሃ መሳብ ያቆማል። ውሃ ውስጥ ቆሞ በጥም የሚጠወልገው በዚህ ነው።

አሁኑኑ ውሃውን ቀንሱና የሥሩን የታችኛውን ሲሶ ብቻ እስኪሸፍን አውርዱት። ከዚያ ሥሩን ያሽትቱ። ነጭ ወይም ክሬም ሆኖ ሽታ ከሌለው ይተርፋል። ቡናማ ሆኖ የሚያሟልጭና የሚሸት ከሆነ ፒቲየም የሚባለው የሥር አበስባሽ ገብቶበታል፤ ያን ጊዜ ባልዲውን በበረኪና ማጠብና እንደገና መጀመር ነው።

ጨው ቀማሚ
ቢጫው ግን ሌላ በሽታ ነው፤ ሁለቱ ስለተገጣጠሙ አንድ መሰለዎት። ናይትሮጅን ወይም ማግኒዚየም ሲጎድል ተክሉ ከአሮጌው ቅጠል ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ የሚገረጣው የታችኛው ነው። ብረት ግን አንድ ጊዜ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም፤ ሲያንስ የሚገረጣው አዲሱ ቅጠል ነው፣ ደም ሥሩም አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። የነገሩኝ ምልክት የብረት ነው። በ6.2 ፒኤች ግን ብረት መጥፋት የለበትም። ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ፦ መለኪያውን መቼ አስተካከሉት?

ጓሮ የለኝም
አላስተካከልኩትም። ነግረውኝ ነበር፤ አዲስ ስለሆነ ከሳጥኑ ተስተካክሎ የሚወጣ መሰለኝ።

ጨው ቀማሚ
7.00 የተጻፈበት ፈሳሽ ውስጥ ይክተቱትና ያነበበውን ይንገሩኝ።

ጓሮ የለኝም
5.9።

ጨው ቀማሚ
ተገኘ። መለኪያዎ በ1.1 ዝቅ አድርጎ ያነባል። 6.2 ሲልዎት እውነቱ 7.3 አካባቢ ነበር። ፒኤቹ ወደ ታች አልወረደብዎትም፤ ወደ ላይ ሲገፉት የነበሩት እርስዎ ነዎት። እንዲያውም ተክሉ ናይትሬት ሲወስድ ፒኤቹ በራሱ ቀስ እያለ ወደ ላይ መሄድ ይቀናዋል፤ ያለ ምክንያት «እየወረደ ነው» የሚል ንባብ ሲያገኙ መጀመሪያ የሚጠረጠረው መለኪያው ነው። በብዙ ማዳበሪያዎች ውስጥ ብረቱን ይዞ የሚያቆየው ኢዲቲኤ የሚባለው ነገር ከ6.5 በላይ መያዣውን መልቀቅ ይጀምራል።

አሁን አሲድ እየጨመሩ አይመልሱት። የገባው ሁሉ ጨው ነው፣ ውሃው እየወፈረ ይሄዳል። ሙሉውን ይድፉት። መለኪያውን አስተካክለው አዲስ ግማሽ መጠን ማዳበሪያ ይበጥብጡ፣ ፒኤቹን 5.8 ላይ ያድርሱት፣ ባለ ባልዲ ያሉትን ከፍታ ያህል ያፍስሱ። ከዚያ በየጠዋቱ መለካቱን ይተዉ። በሳምንት አንዴ ይበቃል። በ5.5 እና በ6.5 መካከል እየተንሸራሸረ ከሆነ ይንሸራሸር፤ አይንኩት። የገረጣው ቅጠል ላይመለስ ይችላል፤ የሚያዩት ቀጥሎ የሚወጣውን ነው።

ጡረተኛው
ልጄ፣ መብራቱንም ለሁለት ቀን ትንሽ ከፍ አድርጊው። የታመመ ሰው ፊት ላይ ፀሐይ አይበራም።

ጓሮ የለኝም (ከ12 ቀን በኋላ)
ሥሩ ነጭ ነበር፣ ሽታም አልነበረውም። ባላችሁኝ ሠራሁ። አንደኛው በአራተኛው ቀን ቀና አለ። ሁለተኛው ሞተ። የተረፈው ካወጣቸው አዲስ ቅጠሎች አራቱን ቆጥሬአለሁ፤ አራቱም አረንጓዴ ናቸው። ዛሬ የውጪ ውጪውን ስድስት ቅጠል ቆረጥኩ፣ መካከሉን ተውኩለት። ሁለት ቅጠሎች ግን ጫፋቸው ላይ ጥቂት ቡናማ ነገር አለ። ጨው በዝቶ ነው?

ጨው ቀማሚ
ግማሽ መጠን ላይ ስለሆኑ ጨው አይመስለኝም። በመካከል ባሉት ወጣት ቅጠሎች ላይ ከሆነ ካልሲየም ጫፍ ድረስ አለመድረሱ ነው። ባልዲው ውስጥ ካልሲየም ስለሌለ አይደለም፤ ካልሲየም የሚጓዘው ቅጠሉ ከሚያተነው ውሃ ጋር ነው፣ አየሩ ከቆመ ቅጠሉ አያተንም። ትንሽ ማራገቢያ በቀስታ ቅጠሉን እያነቃነቀ ይንፈስ። ተጨማሪ ካልሲየም አይጨምሩ።

ጓሮ የለኝም
ማራገቢያው ተተከለ። በሞተው ፋንታ በሶብላ አስገባሁ፤ ከተዘራ ሰንብቶ ስለነበር አራት ጥንድ ቅጠል አለው። ወደ ላይ ብቻ ነው የሚሄደው።

ባለ ባልዲ
ከሦስተኛው ጥንድ በላይ ይቁረጡት። በየቅጠሉ ብብት አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ካልቆረጡት አንድ ዘንግ ሆኖ ያብባል። ከእንግዲህ ውሃው ሲጎድል ምን ያደርጋሉ?

ጓሮ የለኝም
የሥሩን የታችኛውን ሲሶ እስኪነካ ብቻ። ከዚያ አልፌ አልጨምርም። በሶብላውንም ቆረጥኩት፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ተጠራጣሪ
የክዳኑ ቀዳዳ ስፋት ስንት ነው?

ባለ ባልዲ
5 ሴንቲሜትር፤ ግን ኩባያውን ይዘው ይለኩ፣ ከንፈሩ ክዳኑ ላይ መቅረት አለበት። ለምን ጠየቁ?

ተጠራጣሪ
እንዲሁ ነው። ካሮትስ በዚህ ባልዲ ይሆናል?

ባለ ባልዲ
አይሆንም። የሚበላው ሥሩ ስለሆነ ውሃ ውስጥ ቅርጽ አጥቶ ይቀራል፣ ይበሰብሳልም። ካሮት አፈር ውስጥ ይቆይ።

ተጠራጣሪ
ደግ። ማሰሮዬን አልጥልም ማለት ነው።